እንዴት ብለሽ ነገርሻቸው?

መምህር ኪሮስ ማረፋቸውን የነገረኝ ወንድሜ አህመድ ነው። ሮቢት ከተማ ከማስተምርበት ክፍል ወጥቼ የተማሪ ደብተር ተሸክሜ ስሄድ ስልኬ ጮኸ። «መምህር አረፉ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምን ሆነው፣ መቼ፣ ማን አጠገባቸው ነበር እያልኩ በጥያቄ አፋጥጠው ነበር። ያን ቀን ግን ስልኩን ዘጋሁ። ደብተሩን ለአንዷ ባልደረባዬ ሰጥቼ ሚኒባስ ይዤ ቆቦ ገባሁ።

በማግስቱ ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ እኔ ከሙስሊም ሴቶች ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ቆሜያለሁ። የድምፅ ማጉያው እየተቆራረጠም ቢሆን ይሰማል። ወላጆቻቸው ከደቡብ ትግራይ መጥተው ቆቦ ላይ ሱቅ መክፈታቸው፣ ልጃቸውን አስተምረው የእንግሊዝኛ መምህር ማድረጋቸው፣ ስንት ዓመት እንዳገለገሉ፣ ስንት ልጅ እንዳፈሩ ተነበበ። አንድም ውሸት የለበትም። እኔ ግን ንዴቴ መጣ። አስተማሩ ይላል እንጂ እንዴት እንዳስተማሩ፣ እንዴት እንደ ተናገሩ፣ እንዴት ዝም እንዳሉ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የለበትም። እሳቸው ራሳቸው ያንን ወረቀት ቢያርሙት ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ «እንዴት?» ብለው ጽፈው ይመልሱት ነበር። ይህን የምጽፈው ያንን የጎደለውን ለመሙላት ነው።

ቁመታቸው ረዘም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ ሰው ነበሩ። በቆቦ ፀሐይ ሰው ሁሉ እጅጌውን ሲጠቀልል እሳቸው ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው ይመጣሉ። ዘጠና ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ነገር ሲገርማቸው በእናታቸው ቋንቋ «ዋይ» ይላሉ። ሲናደዱም «ዋይ» ነው። ልዩነቱን የምናውቀው ጠመኔውን ሲያስቀምጡ ብቻ ነበር። ያስተማሩኝ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ አንድ ዓመት ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት መጽሐፋችን ውስጥ የሰውን ሐሳብና የነገርን አካሄድ ስለ መለወጥ ስንናገር የምንጠቀምባቸው የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሶች ነበሩ። ሌላ መምህር ቢሆን ዝርዝሩን ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ትርጉሙን አስገልብጦ፣ ለፈተና ሸምድዱ ብሎ ያልፈዋል። መምህር ኪሮስ አንድ ወር ቆዩበት። «ሽማግሌው ሁለቱን ጎረቤታሞች አስታረቀ» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉና «እንዴት?» አሉን። ፎርስፉሊ ከሆነ በጉልበት ነው፣ ነገ መልሰው ይጣላሉ አሉ። ፐርስዌሲቭሊ ከሆነ አሳምኗቸው ነው። ዲሳይሲቭሊ ከሆነ ነገሩን ቁርጥ አድርጎታል። ሰትሊ ከሆነ ሳይታወቅበት ነው፣ ሰዎቹ ራሳቸው የታረቁ ይመስላቸዋል። ግራጁዋሊ ከሆነ ደግሞ ቀስ በቀስ ነው፤ ሽማግሌው ተመላልሶ ተመላልሶ ጫማው አልቋል ማለት ነው አሉና ክፍሉ ሳቀ። «ግሱ የሠራኸው ሥራ ነው፤ ተውሳከ ግሱ ግን ጠባይህ ነው» ይሉን ነበር። እኛ ለፈተና የሚመጣ መስሎን ደብተራችን ላይ ጻፍነው።

አንድ የገበያ ቀን ደግሞ ወደ ከብት ተራ ላኩን። አንድ ሰው የሌላውን ሰው ሐሳብ ሲያስለውጥ አይታችሁ፣ እንዴት እንዳስለወጠው ጻፉ አሉን። እኔ አንድ ደላላ አገኘሁ፤ ኧረ ምን ዓይነት ደላላ! ይጮኻል፣ የገዢውን እጅ ይጎትታል፣ በወላሂ ይምላል፣ የበሬውን ጥርስ ገልጦ ያሳያል። ከእሱ አለፍ ብሎ አንድ አፋር ፍየሎቹን ይዞ ቁጭ ብሏል። ዋጋ ሲጠየቅ አንዴ ይናገርና ጥርሱን መፋቅ ይቀጥላል። እኔ ስለ ደላላው ሙሉ ገጽ ጻፍኩ፤ ፎርስፉሊ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ደገምኩት አላህ ይወቅ። መምህር ኪሮስ አነበቡና ደላላው በመጨረሻ ሸጠ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ እንጃ፣ ሳላይ ነው የሄድኩት። አፋሩስ? አፋሩማ ሁሉንም ሸጦ ነበር። ከአሥር አራት ሰጡኝና ግርጌው ላይ «ራቢያ፣ የሚጮህ ሰው ሁሉ የሚሰማ ይመስልሻል» ብለው ጻፉ። ወረቀቱን እዚያው ቀደድኩት። ያኔም እንደ አሁኑ ንዴት ቅርቤ ነው።

ነገር የመጣው በዚያው ዓመት ክረምት ነው። በኛ ቆላ ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ ተራራው ላይ ነው፤ እኛ የምናገኘው ጎርፉን ነው። ጎርፉን በቦይ ጠልፈን ማሽላችንን እናጠጣለን፤ ለዚህም ተራ አለው። አንድ ቀን ጎርፉ ሲመጣ ተራው የኛ ነው ባዩ አህመድና ተራው የኔ ነው ባዩ ሁሴን ቦዩ ላይ ተገናኙ። ሁሴን የጎረቤታችን የእማማ ዘሃራ የበኩር ልጅ ነው፤ ከወንድሜ ጋር አብረው ነው ያደጉት። ዱላ ተነሣ። አህመድ የሰነዘረው ጭንቅላቱን መታውና ሁሴን እዚያው ሞተ። ለአንድ ማሳ ውኃ!

ፍርድ ቤት ፈረደበት፣ ወንድሜ ታስሮ ዓመታቱን ጨርሶ ወጣ። በመንግሥት በኩል አለቀ፤ በአገር በኩል ግን ደሙ አልደረቀም። በኛ ዘንድ ደም የሚደርቀው ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ገዳይ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ወድቆ፣ የሟች ወገን «አፉ ብለናል» ብሎ ይቅር ሲልና ሲማማል ነው። እስከዚያ ገዳዩ ቀዬው አይገባም። ቢገባ የሟች ወንድም ዝም ብሎ ሊያየው ነውር ነው። የሁሴን ታናሽ ወንድም ኑሩ ደግሞ በነዚያ ዓመታት ጎልምሶ፣ ዱላ ከእጁ የማይለይ ሰው ሆኗል። አህመድ ዋጃ ላይ ባጃጅ እየነዳ ተቀመጠ። አባቴ ዓይኑ ደክሞ፣ ልጄን ደጃፌ ላይ ሳላየው አፈር ልገባ ነው እያለ ጠዋት ማታ ያለቅሳል።

አባቴ በመጨረሻ አባ ይመርን ለመናቸው። አባ ይመር በአካባቢው ብዙ ደም ያደረቁ አስታራቂ አባጋር ናቸው። ሽማግሌ ሰብስበው፣ የሁለቱን ወገን ቤተ ዘመድ ቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡ። አህመድ በመጀመሪያው ቀን አይመጣም፤ ሥርዓቱ ነው። የገዳይ ወገንም አይናገርም። ቢሰደብ አዎ ይላል፣ ቢረገም ያቀረቅራል። ይህን አባቴ አስቀድሞ ነግሮኛል። እኔ ግን ከኮሌጅ የተመለስኩ አዲስ መምህር ነኝ፤ የማላውቀው ነገር የለም። እማማ ዘሃራ «ልጄን እንደ ውሻ ደብድቦ ገደለው» ሲሉ መታገስ አቃተኝ። ከሴቶቹ መሐል ተነሣሁና ተራው የኛ እንደ ነበረ፣ መጀመሪያ ዱላ ያነሣው ሁሴን እንደሆነ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ሁሉም እውነት ነው።

እማማ ዘሃራ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ተነሡ፣ ሄዱ። ዘመዶቻቸውም ተከተሏቸው። አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አባ ይመር ግን አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እውነት ተናገርሽ። ደሙን ግን እንደ አዲስ አረጠብሽው» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ኑሩ አህመድን ሲያፈላልግ ዋጃ ድረስ መሄዱን ሰማን።

መሄጃ ሲጠፋኝ መምህር ኪሮስ ዘንድ ሄድኩ። መምህራን ክፍል ብቻቸውን ፈተና ያርማሉ። ሳልቀመጥ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ እውነት ስለ ተናገርኩ እንዲህ እሆናለሁ ወይ፣ ምን ሐሰት አለበት እያልኩ። ጨርሼ እስክደክም ጠበቁኝ።

«እንዴት ብለሽ ነገርሻቸው?» አሉኝ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸውም እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው፣ ከዚያ በፊት ለማንም ሲያወሩት ያልሰማሁትን ነገር ነገሩኝ። ጀማሪ መምህር ሳሉ አንድ አእምሮው ብሩህ ነገር ግን ሰነፍ ተማሪ ነበራቸው። አንድ ቀን በክፍል ፊት አቁመው አንተ አታልፍም፣ ጊዜህን አታባክን አሉት። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣም፤ ከጓደኞቹ ጋር በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ ቀረ። የት እንደ ወደቀ አልታወቀም። «ያልኩት ልክ ነበር፤ አያልፍም ነበር» አሉኝ። «ግን ተውሳከ ግሱን አልመረጥኩም። ለዚህ ነው ያን ምዕራፍ አንድ ወር የማስተምረው።» ከዚያ ጃንጥላቸውን አንሥተው እማማ ዘሃራ ቤታቸው የት ነው ብለው ጠየቁኝ።

መምህር ኪሮስ ሽማግሌ አይደሉም፣ ዘመድ አይደሉም፣ ሃይማኖታቸውም ሌላ ነው። ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማማ ዘሃራ ግቢ መሄድ ጀመሩ። መጀመሪያ ቀን ኑሩ በር ላይ አቆማቸው። ለልቅሶ ነው የመጣሁት፣ ሳልደርስ የቆየሁት እኔ ነኝ ጥፋተኛው አሉት። ለልቅሶ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል? አስገባቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግመው ሄዱ። በሚቀጥለውም።

አባቴ ከመንገድ ላይ ጠብቆ ምን አለች ይላቸዋል። ማሽላው አሽቷል አለች ይሉታል፤ ሌላ ቀን ጊደሯ ወለደች ይሉታል። እኔ ትዕግሥት የፈጠረብኝ ሰው አይደለሁም፤ ጉዳዩን አነሡላቸው ወይ ብዬ እነዘንዛቸዋለሁ። አላነሣሁም። መቼ ነው የሚያነሡት? እንጃ። አጃኢብ ነው! ክረምቱ ገባ፣ በጋው አለፈ፣ ሰው መምህሩ የማሽላ እሸት ሊበላ ነው የሚመላለሰው እያለ ይቀልድ ጀመር። መምህሩ ክርስቲያን ናቸውና ከሙስሊም ቤት ሥጋ አይበሉም፣ እማማ ዘሃራ የሚያቀርቡላቸው የማሽላ እሸት ጥብስ ስለ ነበር ነው። ቀልዱን ነገርኳቸው። «እሸቱስ ግሩም ነው» አሉኝ።

ምን ያወሩ እንደ ነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ስለ ሁሴን ይጠይቋቸው ነበር። እንዴት ያለ ልጅ ነበር፣ ምን ይወድ ነበር፣ ሲናደድ ምን ይላል፣ ይዘፍን ነበር ወይ። እማማ ዘሃራ ቤት ሰባት ዓመት ሙሉ የገባ ሰው ሁሉ ስለ ገዳዩ ነው ያወራው፤ ይማሩት፣ ይበቀሉት፣ ይርገሙት። ስለ ልጃቸው የጠየቀ አልነበረም። ከብዙ ቅዳሜ በኋላ እማማ ዘሃራ አንድ ነገር ነገሯቸው። ጎረቤት ሁሉ ስለ ልጃቸው የመጨረሻ ቃል እየመጣ ይነግራቸዋል። አንዱ ሸሃዳ አድርጎ፣ የአላህን አንድነት መስክሮ ነው የሞተው ይላል፣ ሌላው እናቴን አደራ አለ ይላል፣ ሌላው ውኃ ጠየቀ፣ ሌላው ደግሞ አህመድን አፉ ብዬዋለሁ አለ ይላል። ሰባት ሰው ሰባት ዓይነት ነገር። ማንም እዚያ አልነበረም። የነበረው አህመድ ብቻ ነው።

መምህር ኪሮስ በማግስቱ እኔን ይዘው ዋጃ ሄዱ። አህመድ ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ ይጠብቀን ነበር። ሁሴን ሲሞት ምን አለ ብለው በቀጥታ ጠየቁት። ወንድሜ ለማንም፣ ለፍርድ ቤቱም ለአባቴም ያልተናገረውን ተናገረ። ከዚያ መምህር ኪሮስ ይህንኑ ለእናቱ ትነግራለህ አሉት።

እኔ ደነገጥኩ። ይህን ሰምተው እንዴት ይምሩታል? ኑሩስ እዚያው አይጨርሰውም? ሸሃዳ አድርጎ ሞተ ብንላቸው ምን አለበት፣ ለእሳቸውም ዕረፍት ነው አልኩ። መምህር ኪሮስ ያን ጊዜ ነው የተቆጡት። ድምፃቸው ግን ከወትሮው አልጨመረም።

«ራቢያ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው እያዘነላት ሲዋሻት ኖሯል። እኛ ስምንተኛ አንሆንም።»

አህመድ እሺ አለ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መምህር ኪሮስ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሐል ይዘው በመስኮቱ ማሳውን ያዩ ነበር፤ ኑሩ ዱላውን ይዞ ይመጣ ይሆን ወይ ብለው ሁለቴ ጠየቁኝ። እሳቸውም እንደ እኔ እንደ ፈሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጁ ቢገደል በእሳቸው ምክር ነው።

አህመድ ራሱ ሊነግራቸው እሺ ማለቱን መምህር ኪሮስ ሲነግሯቸው እማማ ዘሃራ ለአባ ይመር ልጁን አምጡት ብለው ላኩ። እዚያው ቁርቁራ ሥር ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ በአንድ በኩል፣ ቤተ ዘመዱ በሁለት ወገን፣ መምህር ኪሮስ ከሁሉም ኋላ። እኔ አፌን በነጠላዬ ጫፍ ይዤዋለሁ። አህመድ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ መጣ፤ ተንበረከከና «አፉ በሉኝ» አለ። ኑሩ ከእናቱ ጀርባ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

እማማ ዘሃራ አንድ ነገር ልጠይቀው አሉ። አባ ይመር ፈቀዱ።

«ልጄ ምን ብሎ ሞተ?»

«አላውቅም፣ እናቴ» አለ አህመድ። «ሲወድቅ አየሁ። ደሙን ሳይ ፈራሁና ሮጥኩ። ከኋላዬ ሲጣራ ሰምቻለሁ፤ ማንን እንደ ተጣራ ግን አልለየሁም። አልተመለስኩም።»

ኑሩ ወደ ፊት ተራመደ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ሦስቱ ብድግ አሉ። እማማ ዘሃራ ዞር ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው የልጃቸውን ቁምጣ ጨርቅ ያዙና «ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ። እኔ በልቤ ያለቀልን መስሎኝ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደርግ ነበር።

«ብቻውን ነበራ» አሉ እማማ ዘሃራ። «ብቻውን ነው የሞተው። አውቄዋለሁ እኮ፤ የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት።» ከዚያ አለቀሱ። ልጃቸው በሞተ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሱም አሉ የሚያውቋቸው ሴቶች። ከዚያም ከዚህም ወገን ያለን ሴቶች ሁሉ አብረን አለቀስን፣ የማን ወገን የማን እንደሆነ ሳይለይ። ሲበቃቸው ፊታቸውን ጠርገው አህመድን አፉ ብዬሃለሁ አሉት፤ ሽማግሌዎቹም ድንጋዩን ከትከሻው አወረዱለት። አባ ይመር መረቁ፣ ሁለቱ ወገኖች ማሉ፣ የእርቁ በግ ታረደ።

መምህር ኪሮስን ፍለጋ ብሄድ ወደ አስፋልቱ ጉዞ ጀምረዋል። ሮጬ ደረስኩባቸው። ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው አላወቅኩም፤ አንቱ ባይኖሩ ኖሮ አልኩና ቀረሁ። እኔ ምን አደረግሁ፣ ቁጭ አልኩ እንጂ አሉኝ። ከዚያም ባጃጅ አስቁመው ሄዱ። አባቴ በዚያ ማታ አህመድን ከጎኑ አስተኛው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞትም አህመድ አጠገቡ ነበር።

እርቅ አለ፣ ፍቅር ግን በሽማግሌ አይመጣም። አህመድና ኑሩ ከዚያ በኋላ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ገበያ ላይ አንዱ ሌላውን ካየ በሌላ መንገድ ያልፋል። እማማ ዘሃራም አንድ ቀን እንኳ ተጨባበጡ አላሏቸውም። መምህር ኪሮስም አላሏቸውም። ጡረታ ከወጡ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ እሸት ሊበሉ ይሄዱ ነበር፤ በሽታው አልጋ ላይ እስኪጥላቸው ድረስ።

በኛ አገር ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ መቃብር ይቆፍራል፣ ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ። ሥራውን የሚደለድለው ቅሬው፣ ዕድሩ ነው። በቀብራቸው ጠዋት ለቆፋሪዎቹ ውኃ ይዤ ስሄድ ጉድጓዱ ወገብ ድረስ ደርሷል። ውስጡ ያሉት አህመድና ኑሩ ናቸው። ማን እንደ መደባቸው ጠየቅኩ፤ ማንም አልመደባቸውም፣ ሁለቱም ሳይጠሩ ሲነጋ መጥተው ነው አሉኝ። አንዱ በዶማ ይቆፍራል፣ ሌላው አፈሩን በአካፋ ያወጣል፤ ሲደክማቸው ይቀያየራሉ። አይነጋገሩም። ሌሎቹ ቆፋሪዎች ዳር ቆመው ያዩአቸዋል፤ ተራ ስጡን የሚል አልነበረም። እኔም ውኃውን እንደ ያዝኩ ቆምኩ።

ጨርሰው ኑሩ ቀድሞ ወጣ። ልብሱን አራገፈ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ጉድጓዱ ዘረጋ፤ አህመድም እጁን ይዞ ወጣ።